የቤት ኪራይ ክርክር፦ ከቃል ወደ ወረቀት



በከተማ ከምንኖር ቤተሰቦች መካከል አንድም ቤት ያላከራየ፣ አንድም ቤት ያልተከራየ ብንፈልግ እምብዛም አናገኝም። አንዱ ከግቢው በስተኋላ ባሠራት ሰርቪስ ቤት የልጆቹን ቀለብ ይደጉማል፤ ሌላው ደሞዙን ሲቀበል ከሁሉ አስቀድሞ የኪራዩን ለይቶ ያስቀምጣል። ሁለቱም በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ቆጣሪ ያበራሉ፣ በረመዳን ከአንድ ሳህን ያፈጥራሉ። አንድ ቀን ግን «ቤቱን ልቀቁልኝ» የሚል ቃል ይመጣል፤ ወይም በተቃራኒው «አልከፍልም፣ አልወጣምም» የሚል መልስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ጉርብትናውም ወንድማማችነቱም ይደፈርሳል።

ይህ ጠብ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አያቶቻችንም ተከራክረውበታል፣ ዐሊሞች ኪታብ ጽፈውበታል፣ መንግሥታት አዋጅ አውጥተውበታል። በአገራችን ባለፉት ስልሳ ዓመታት ሕጉ አንድ ጊዜ ወደ ባለቤቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ተከራዩ ሲያጋድል ቆይቷል። ታሪኩን ስናገላብጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ፍርድ የሚጸናው ሁለቱንም ወገን ሲሰማ ነው፤ ሁለቱንም መስማት የሚቻለው ደግሞ በእጅ ማስረጃ ሲኖርና የዳኛው በር ለደካማውም ሲከፈት ነው። ይህን ለመረዳት ከሥሩ እንጀምር።

ዐሊሞች ስለ ኢጃራ ምን አሉ?

በፊቅህ ኪራይ «ኢጃራ» ይባላል። በአገራችን መድረሳዎች በሰፊው የሚቀራው የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀብ ነው። በሁለቱም ዘንድ ኢጃራ ማለት የአንድን ነገር ጥቅም በታወቀ ዋጋ መሸጥ ነው። ቤቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ በቤቱ የመኖር ጥቅም ግን ለተባለው ጊዜ የተከራዩ ይሆናል። ስለዚህም ቤቱ የታወቀ፣ ኪራዩ የታወቀ፣ ጊዜውም የታወቀ መሆን አለበት። ሳይታወቅ የቀረ ነገር ሁሉ የጠብ በር ነውና ዐሊሞቹ በዚህ ላይ ጠበቅ አድርገዋል።

ዝርዝሩን ስናይ ሁለቱም ወገኖች ታስበዋል። ለመኖሪያ የሚያስፈልገውን ጥገና ማድረግ የባለቤቱ ድርሻ ነው፤ ባያደርግ ተከራዩ ቤቱን ለቆ ለመውጣት መብት አለው። ባለቤቱ ቤቱን ለሌላ ቢሸጠውስ? በሻፊዒይ መዝሀብ ዘንድ ሽያጩ ይጸናል፤ ተከራዩ ግን ጊዜውን እስኪጨርስ አይነካም። ከሁለቱ አንዱ ቢሞትስ? ሐነፊዮች ውሉ በሞት ይፈርሳል ሲሉ፣ ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ደግሞ ወራሾች በውሉ ይቀጥላሉ ብለዋል። ሐነፊዮች ባለቤቱን ከባድ ችግር ቢያጋጥመው፣ ለምሳሌ ቤቱን ሸጦ ካልሆነ በቀር የማይከፍለው ዕዳ ቢመጣበት፣ ውሉ እንዲፈርስ በር ከፍተዋል። አንባቢያን ልብ እንዲሉ የምንፈልገው ይህን ነው፦ ዐሊሞቹ የተለያዩት በመፍትሔው ነው እንጂ ሁለቱንም መስማት ያስፈልጋል በሚለው አይደለም።

የዑስማኒያ መንግሥት «መጀለ» የተባለውን የሕግ መድብል እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባሉት ዓመታት ሲያዘጋጅ፣ ከሽያጭ ቀጥሎ ሁለተኛውን መጽሐፍ በሙሉ ለኢጃራ መስጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በገበያም በከተማም ከሽያጭ ቀጥሎ ሰውን ከሰው የሚያገናኘውም የሚያጣላውም ኪራይ ነበርና።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ

ወደ አገራችን እንመለስ። ኪራይ በአንድ አገር አቀፍ ሕግ የተደነገገው በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ከቁጥር 2896 ጀምሮ በስፋት ይደነግጋል፤ ስለ ቤት ኪራይም የተለየ ክፍል አለው። በሕጉ በተሸፈነው ጉዳይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ደንብም ልማድም ከዚያ በኋላ እንዲቀር ተደረገ።

የዚህ ሕግ መሠረቱ ስምምነት ነው። ኪራዩ ስንት ይሁን? ተዋዋዮቹ እንደተስማሙት። ተከራዩ መክፈል ቢያቆምስ? ባለቤቱ በቅድሚያ አስጠንቅቆ ቀን ሊሰጠው ይገባል እንጂ በዚያው ዕለት ዕቃውን ከደጅ አያወጣም። በወረቀት ላይ ሲነበብ ሚዛናዊ ነው።

ነገር ግን ሁለት ሰዎች በእኩልነት የሚዋዋሉት እኩል ሲሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ አብዛኛው መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ደግሞ ተከራይ ነበር። ሙስሊሙማ በብዙ የደጋ አገሮች ርስት እንዳይዝ ተከልክሎ ስለቆየ ኑሮውን በንግድና በሽመና መመሥረቱ የታወቀ ነው። ወደ ከተማ ሲመጣም ከተከራዩ ብዛት ይቆጠር ነበር። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት መብት መሆኑ ከዚሁ የመነጨ ነው። ሕጉ «ተስማሙ» ይላል፤ ቤት የሌለው ሰው ግን ባለቤቱ የጠራውን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምን ምርጫ ነበረው?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.

ሰልፉ በተደረገ በዓመቱ ሚዛኑ በአንድ ቀን ወደ ሌላው ጫፍ ተገለበጠ። ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ለማድረግ አዋጅ ቁጥር 47/1967ን አወጣ። የከተማ መሬት ሁሉ ያለ ካሣ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ፤ ቤት ለሌለው ለመሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደ። በአከራይና በተከራይ መካከል የነበረው ግንኙነትም ቀረ፤ አከራዩ መንግሥት ብቻ ሆነ።

ኪራዩም ወረደ። እስከ 300 ብር ይከራዩ የነበሩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ብዙ የተቀነሰላቸው አነስተኛ ኪራይ ይከፍሉ የነበሩት ድሆች ናቸው። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። «የቀበሌ ቤት» እና «የኪራይ ቤቶች» የሚሉት አጠራሮች የመጡት ከዚያ ነው።

ለብዙ ተከራይ ቤተሰብ ይህ ቀን የእፎይታ ቀን ነበር። «ነገ ልቀቁ እንባላለን» የሚለው ስጋት ጠፋ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ፍትሕ የሚመዘነው ለተጠቀመው ባደረገው ብቻ አይደለም። በመቶ የሚቆጠር ቤት ያለው ባላባትና በባሏ ሞት ምክንያት በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በአንድ አዋጅ፣ በአንድ ቀን፣ እኩል «ትርፍ ቤት ያላቸው» ተባሉ። አዋጁ መተዳደሪያቸው ኪራይ ብቻ ለነበረ ሰዎች የወር አበል እንዲሰጥ ቢልም፣ በአበል የሚኖር ሰው እንደ ቀድሞው በገዛ ገቢው የሚያዝ አይደለም። የመስጊድና የሌሎች የሃይማኖት ተቋማት የኪራይ ቤቶችም ከዚህ አልዳኑም። ለመሳኪንና ለደረሳ ቀለብ ይሆናል ተብሎ ወቅፍ የተደረገው ቤት መንግሥት እጅ ሲገባ፣ ቀለቡም አብሮ ቀረ።

የቀበሌው ሸንጎና የቀበሌው ቤት

ክርክርስ ወዴት ይሄድ ነበር? በአዋጁ መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የፍርድ ሸንጎም ኖራቸው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ተጠናከሩ። ሸንጎው ቅርብ ነበር፤ ጠበቃ አይጠይቅም፤ ዳኞቹም የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ይህ መልካም ጎኑ ነው። ይሁንና ቤቱን የሚያስተዳድረው ቀበሌ፣ ኪራዩን የሚሰበስበው ቀበሌ፣ የሚፈርደውም የቀበሌ ሸንጎ ነበር። ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር የተጣላ ተከራይ የት ይሂድ? ፊቅህ የቀራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቃዲ በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን አይችልም።

ቤቶቹም ተጎዱ። ኪራዩ በ1967 ዓ.ም. በነበረበት ለአሥርት ዓመታት ቆመ፤ የሚሰበሰበው ብር ጣራ ለመቀየር አልበቃም። ባለቤት የሌለው ቤት ጭቃው ተራገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፤ አሥር ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀም የተለመደ ሆነ። ተከራዩ ከመባረር ዳነ፤ ግን የሚያፈስ ጣራ ሥር ቀረ። ባለቤቱን ሳይሰሙ ተከራዩን ብቻ መጥቀም ውሎ አድሮ ተከራዩንም እንደማይጠቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

የግል ኪራይ እንደ ገና የተስፋፋው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርግ፣ በመሬቱ ላይ የሠሩትን ቤት ግን የግል ንብረት አድርጎ አጸና። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ደግሞ ከአዋጅ ውጭ ቤታቸው ለተወሰደባቸው ሰዎች አቤቱታ የሚያቀርቡበት መንገድ ከፈተ። «ከአዋጅ ውጭ» የሚለው ቃል ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ በአዋጁ የተወሰደ ቤት አይመለስም፣ አዋጁን በመተላለፍ የተወሰደ ግን ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ ያን ጊዜ የቤቱን ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና የኪራይ ውል በሳጥን ውስጥ ያቆየ ሰው ለክርክር በቃ፤ ወረቀቱን የጣለ ግን ጎረቤት ሁሉ ቤቱ የእርሱ እንደነበር እያወቀ ባዶ እጁን ቆመ።

በግል ኪራይ ላይ ደግሞ የ1952ቱ ሕግ እንደ ቀድሞው ተሠራበት። ከተማው ሰፋ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፣ ደላላው በዛ። ውሉ ግን በአብዛኛው በቃል ቀረ። «እኛ ሙስሊሞች ነን፣ በመካከላችን ወረቀት ምን ይሠራል?» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! እንዲህ ለሚሉ ወገኖች የምንለው አለን፦ በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራ የሚገኘው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም የሚናገር ነው። በአማኞች መካከል መጻፍ አለመተማመን ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ትእዛዝ ለአማኞች ባልመጣ ነበር።

የዚህ ጉዳት ከአዋቂው ይልቅ በልጅ ላይ ጎልቶ ይታያል። በመድረሳ የሚያስተምር ሰው ይህን ያውቃል። በዓመቱ አጋማሽ አንድ ልጅ ከቁርኣን ሐልቃው ይጠፋል። ሲጠየቅ «ቤት ለቀቁ፣ ወደ ዳር አገር ሄዱ» ይባላል። ሁለት ጁዝ የሐፈዘው ልጅ በሄደበት ሰፈር መድረሳ ባይኖር ሒፍዙ ይረሳል፤ የቀኑም ትምህርት ቤት ይቋረጣል። አባትና አከራይ የተጣሉት በሦስት መቶ ብር ጭማሪ ሊሆን ይችላል፤ የሚከፍለው ግን ልጁ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይመለከተዋልን?

ብዙ አንባቢያን የኪራይ ጠብ ሲገጥማቸው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችሉ ያስባሉ። ታሪኩን ማወቅ ከድካም ያድናል። በአገራችን የቃዲ ፍርድ ቤቶች በሕግ ሥልጣናቸው የተለየው በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ነው። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ፍርድ ቤት አደራጀ። በሁለቱም ዘመን ሥልጣናቸው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ውርስና ኑዛዜ ነው። በአሁኑ ሕግ ደግሞ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው።

ስለዚህ የኪራይ ክርክር በራሱ የመደበኛው ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ነገር ግን አከራዩ ሙስሊም ሆኖ ቢሞትና ወራሾቹ በቤቱ ቢከራከሩ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚለየው የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ለተከራይ ይህ ማለት የቤቱ ወራሽ በፍርድ ሳይታወቅ «እኔ ነኝ ወራሹ» ላለው ሁሉ ኪራይ አይከፍልም ማለት ነው። ለወራሾች ደግሞ አባታቸው የተዋዋለውን ውል በቁጣ ማፍረስ አይችሉም ማለት ነው።

አቅም የሌለው ሰው ወዴት ይሂድ?

ከሁሉ በፊት ሱልህ ይቀድማል። የሰፈር ሽማግሌና የመስጊድ ኢማም ያስታረቁት ጠብ ጉርብትናን ያተርፋል። ሆኖም ሱልሁም ይጻፍ፤ መቼ እንደሚለቀቅ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ማን እንደመሰከረ ይስፈር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶም ቢሆን፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች ሲታረቁ ስምምነታቸው በመዝገብ እንዲገባ ይፈቅዳል።

እርቁ ካልሆነስ? ያው የ1958ቱ ሕግ የዳኝነት መክፈያ ለሌለው ሰው «በደኃ ደንብ» መክሰስን ፈቅዷል፤ ድህነቱን አስረድቶ ገንዘቡን ሳይከፍል ክሱ ይከፈትለታል። ጠበቃን በተመለከተ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዞ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ከፍተዋል። በፍርድ ቤት ደጃፍ ለተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ የመጨረሻ ብሯን ከመስጠቷ በፊት አንዲት እናት ይህን ብታውቅ ብዙ ይቀልላታል። ይህ በር ለአከራይም ክፍት ነው፤ ኪራይ የተከለከለች አሮጊት ከተከራይዋ የበለጠ ድሃ ልትሆን ትችላለችና።

አንድ ነገር ግን ለአከራዮች አጥብቀን እንናገራለን። በር ነቅሎ፣ ቆርቆሮ ገፎ፣ ውኃና መብራት ቆርጦ ሰውን ማስወጣት ፍርድ አይደለም፤ ራስን ዳኛ ማድረግ ነው። የማስለቀቂያው መንገድ በፍርድ ቤት ውሳኔና በአፈጻጸም ያልፋል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016

ሕጉ አሁን ደግሞ አዲስ ምዕራፍ ይዟል። ወረርሽኙ በገባበት በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይን ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ለጊዜው ከልክሎ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። በአዋጁ ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፤ በሚመለከተው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ነው። ከሁለት ወር ኪራይ የሚበልጥ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ተከልክሏል። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ታዟል።

አንባቢያን ሆይ፣ ይህን ከ1967ቱ ጋር አነጻጽሩት። ያኛው ባለቤቱን ከቤቱ ለየው፤ ይህኛው ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ ጊዜውንና ጭማሪውን አጠረ። ከ1952ቱ ጋርም አነጻጽሩት። ያኛው ሁሉን ለስምምነት ተወ፤ ይህኛው ለስምምነቱ ወሰን አበጀለት። ይሁን እንጂ አዋጅ በራሱ ቤት አይሠራም፤ ቤት ካነሰ ውሉን ሳያስመዘግቡ፣ ትርፉን በጓሮ በር እየተቀባበሉ መኖር ይመጣል። እንዲህ ያደረገ ተከራይ የሕጉን ጥላ በገዛ እጁ ያጥፋል፤ እንዲህ ያደረገ አከራይም ተከራዩ በካደው ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ኢጃራን የጻፉ ዐሊሞች ዋጋውና ጊዜው ይታወቅ ያሉት፣ ዛሬ ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ከሚለው የራቀ አይደለም። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ውላችንን እንመልከት። የተጻፈ ካልሆነ እንጻፈው፤ ካልተመዘገበ እናስመዝግበው፤ ደረሰኙን እናኑር። ከዚያም በላይ አከራይ የተከራዩን ልጆች፣ ተከራይም የአከራዩን መተዳደሪያ ያስብ። ወረቀቱ ጠብን ይከላከላል እንጂ ርኅራኄን አይተካም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ለባለሐቅ ከሚመልሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።